ቃልና ምት በሐረር፦ ከዚክሪ እስከ ግጥም በጃዝ

በንግግር የሚወርድ ግጥምን ከጃዝና ከፈንክ ጋር አዋሕዶ በመድረክ ላይ በቀጥታ የሚጫወት ባንድ በሙዚቃ ታሪክ መጻሕፍት ዘንድ የአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ ፈጠራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ምዝገባውም ከሞላ ጎደል ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በኒውዮርክ ሀርለም የተመሠረተው «ዘ ላስት ፖየትስ» የተባለ የገጣሚዎች ቡድን የፖለቲካ ግጥሞቹን በእጅ ከበሮ እያጀበ ለሕዝብ አሰማ፤ ጊል ስኮት-ሄሮን በ1970 የመጀመሪያ አልበሙን በዚሁ መንገድ ካወጣ በኋላ በቀጣዩ ዓመት ሮን ካርተርን በቤዝ፣ ሁበርት ሎውስን በፍሉት አሰልፎ ግጥሙን ወደ ጃዝ አስጠጋው። በ1973 በብሮንክስ ሰፈር ዲጄ ኩል ሄርክ ከፈንክ ሸክላዎች ውስጥ ከበሮው ለብቻው የሚሰማበትን ክፍል እየደጋገመ በማጫወት ለሂፕ ሆፕ መሠረቱን ሲጥል፣ በ1987 በፊላደልፊያ የተጀመረው «ዘ ሩትስ» ደግሞ ከሸክላ ይወሰድ የነበረውን ምት መልሶ በሰው እጅ ወደሚመታ ከበሮ አመጣው። እዚህ ላይ ፈንክ ሲባል በጄምስ ብራውን እጅ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ቅርጽ የያዘውና የእያንዳንዱን ዙር የመጀመሪያ ምት አክብዶ የሚመታው የዳንስ ሙዚቃ ነው፤ ስፖክን ወርድ የሚባለው ደግሞ በዜማ ሳይሆን በንግግር ቃና፣ ነገር ግን በተጠና ምት፣ በተመልካች ፊት የሚቀርብ ግጥም ነው።

ይሁን እንጂ የባንዱ ታሪክና የአሠራሩ ታሪክ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባንዱ ከነመሣሪያው የአሜሪካ ነው ቢባል፣ ቃልን በቋሚ ምት ላይ አሳፍሮ፣ በመሪና በተቀባይ ከፍሎ፣ ሰሚውን የድርጊቱ ተካፋይ የማድረጉ አሠራር ግን በብዙ አገሮች የራሱ የዘር ሐረግ አለው። በኢትዮጵያ ይህ የዘር ሐረግ ከየትም በላይ ጎልቶ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ሐረር ነው፤ በተለይም አቦከርን ጨምሮ በጀጎልና በዙሪያው በሚገኙት የከተማዋ ወረዳዎች፣ ቃልና ምት ሳይለያዩ የኖሩበት ባህል እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ በአዲስ አበባ «ግጥም በጃዝ» በሚል ስም የታወቀው የመድረክ ጥበብ ከሂፕ ሆፕ ጋር ካለው ዝምድና ይልቅ የሐረር ዚክሪ ከሂፕ ሆፕ ጋር ያለው የአሠራር ዝምድና የቀረበ ነው የሚል ሲሆን፣ የምዕራባውያን መሣሪያዎች ወደ ከተማዋ የገቡበት መንገድም ዚክሪውና ባንዱ እንዳይገናኙ እንዴት አስተዋጽኦ እንዳደረገ ለማሳየት ይሞክራል።

ጀጎል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የታጠረ፣ አምስት ጥንታዊ በሮች ያሉት ግንብ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ በውስጡ 82 መስጊዶችና 102 የአድባራት ወይም የወልይ መቃብር ስፍራዎች እንደሚገኙ በመዝገቡ ሰፍሯል። ሁለተኛው አኃዝ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከመጀመሪያው ይልቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የሐረር የቃል ጥበብ ዋና ቤት መስጊዱ ሳይሆን የወልዮቹ ስፍራ ነው። በሐረሪዎች ዘንድ «አዋች» የሚባሉት እነዚህ ቅዱሳን አባቶች፣ ከእነርሱም መካከል የከተማዋ ጠባቂ ተደርገው የሚታሰቡት አው አባድር፣ እያንዳንዳቸው ስፍራቸውን የሚጠብቅ «ሙሪድ» የተባለ ባለአደራ አላቸው፤ ሙሪዱ ቤቱን የሚከፍት፣ ዕጣኑን የሚያጨስ፣ እንግዳውን የሚቀበልና ሌሊቱን የሚመራ ሰው ነው።

በእነዚህ ስፍራዎች የሚከናወነው ዋናው የቃል ሥርዓት ዚክሪ ይባላል። መሠረቱ ዐረብኛው «ዚክር»፣ ማለትም የፈጣሪን ስም ደጋግሞ ማውሳት ይሁን እንጂ፣ በሐረር ቃሉ ከዚህ ሰፍቶ ለነቢዩና ለአዋቾቹ የሚቀርበውን ውዳሴ፣ ጸሎትንና ምክርን ያጠቃለለ ሰፊ የግጥም ዓይነት መጠሪያ ሆኗል። ግጥሙ በዐረብኛ፣ በሐረሪዎች ቋንቋ በጌይ ሲናን፣ አልፎ አልፎም በኦሮምኛ ይቀርባል፤ የጌይ ሲናኑ ክፍል በዐረብኛ ፊደል በብራናና በወረቀት ተጽፎ ለትውልድ ተላልፏል፤ ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤቫልድ ቫግነር እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ሥራው ከእነዚህ ጽሑፎች የተወሰኑትን ለትምህርት ዓለም አቅርቧል። ነገር ግን ጽሑፉን ብቻ የሚያነብ ሰው ግማሹን ብቻ እንደሚያገኝ መታወቅ አለበት፤ ዚክሪ ለዓይን ሳይሆን ለጆሮና ለእጅ የተሠራ ግጥም ነውና።

የእጁ ክፍል ሁለት መሣሪያዎች አሉት። አንደኛው «ከረቡ» የሚባለው ከበሮ ሲሆን፣ ሁለተኛው «ከበል» የሚባለው፣ ሁለት የእንጨት ቁራጮችን እርስ በርስ በማጋጨት የሚሰማ መሣሪያ ነው። ከረቡ ዝቅተኛውንና ወፍራሙን ድምፅ ይሰጣል፤ ከበል ደግሞ ሹልና ደረቅ ድምፁን በእኩል ርቀት እየጣለ ጊዜውን ይቆርጣል። የከበል ልዩነቱ ባለሙያ የማይጠይቅ መሆኑ ነው፤ በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ያለ ማንኛውም ሰው ጥንዱን አንሥቶ ሊገባ ይችላል፤ በመሆኑም ጊዜ ጠባቂው አንድ ከበሮ መቺ ሳይሆን ጉባኤው ራሱ ነው። መሪው የግጥሙን ስንኝ ያወርዳል፣ ጉባኤው አዝማቹን ይመልሳል፣ ምቱ ከእርጋታ ተነሥቶ ቀስ በቀስ እየፈጠነ ይሄዳል፣ ሌሊቱ ሲገፋ ቃሉ እየሰነፈ ሳይሆን እየጠበቀ በምቱ ላይ ይቀመጣል። መሪው ስንኙን ለማስረዘም ወይም ለማሳጠር ነፃነት ቢኖረውም፣ ከበሉ አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ ከምቱ መውጣት አይችልም። ሂፕ ሆፕን ሂፕ ሆፕ የሚያደርገው፣ ተናጋሪው በማይበገር ምት ላይ የሚያሳየው ይህ ዓይነቱ ታስሮ የመንቀሳቀስ ችሎታ ነው።

ከዚክሪ ጎን የሠርግ ዘፈኑ አለ። በሐረሪዎች ዘንድ ሠርግና ለቅሶ የሚከናወነው «አፎቻ» በሚባለው የመረዳጃ ማኅበር አማካይነት ሲሆን፣ በሴቶቹ አፎቻ የሚዘፈኑት የሠርግ ዘፈኖችም ከረቡንና ከበልን ይጠቀማሉ። ይኸው መሣሪያ በአንድ ሌሊት ለወልዩ፣ በሌላ ቀን ለሙሽራይቱ ማገልገሉ፣ በሐረር የመንፈሳዊውና የዓለማዊው ድምፅ ድንበር ብዙ ጊዜ እንደሚታሰበው ያህል የጠበቀ እንዳልሆነ ያመለክታል። ድንበሩ ያለው በመሣሪያው ላይ ሳይሆን በቃሉና በስፍራው ላይ ነው፤ ይህ ልዩነት በኋላ ስለ ባንዶች ሲነሣ ተፈላጊ ይሆናል።

ከግንቡ ውጭ ያለው ገጠርም ቢሆን ከዚህ ያላነሰ ሀብታም ነው። በከተማዋ ዙሪያ የሚኖሩት የአፍራን ቀሎ ኦሮሞዎች የጀግንነትና የሕይወት ታሪክን በንግግር ቃና የሚያወርዱበት «ገረርሳ» እና ወጣቶች ፊት ለፊት ቆመው በድምፅና በእግር ብቻ ምት እየፈጠሩ የሚቀባበሉበት «ሸጎዬ» አላቸው። በምሥራቅ የሚጎራበቷቸው ሶማሌዎች ደግሞ ግጥማቸውን ለብዙ ዘመን ያለ መሣሪያ ሲያወርዱ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የጭነት መኪና አሽከርካሪ የነበረው አብዲ ሲኒሞ በጀመረው «በልዎ» በተባለ አጭር የፍቅር ግጥም አማካይነት ቃላቸውን ከዜማና ከመሣሪያ ጋር አስታርቀዋል። በፈረስ መጋላ ገበያ የሚገናኙት ሦስቱ ሕዝቦች እንግዲህ ሦስት የተለያዩ የቃልና የምት ውሎችን ይዘው ነው የሚገናኙት።

በዚህ ሁሉ መካከል የሐረር የግጥም ዝና በውጭ ሰዎች ዘንድ በአብዛኛው በአንድ ፈረንሳዊ ስም መታወቁ የሚያስገርም ነው። አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ የባርዴ የንግድ ድርጅት ወኪል ሆኖ ወደ ከተማዋ ሲገባ ግጥም መጻፍ ካቆመ ዓመታት አልፈው ነበር፤ እስከ 1891 ድረስ እየተመላለሰ በኖረባቸው ዓመታት የጻፈውም በአብዛኛው ስለ ቡና፣ ስለ ቆዳና ስለ ሂሳብ የሚያወሩ ደብዳቤዎችን ነው። በስሙ የሚጠራውን ቤት ለማየት የሚመጣው ጎብኚ፣ ግጥም በተወ ሰው ስም የሚጠራ ቤት አይቶ፣ ግጥም ሌሊቱን ሙሉ በሚወርድባቸው የአዋቾቹ ስፍራዎች በር አጠገብ ሳያውቅ ያልፋል።

የምዕራባውያን የሙዚቃ መሣሪያዎች ታሪክ ከዚህ የተለየ መንገድ ነበረው። ሐረር በ1868 ዓ.ም. በግብጾች ተይዛ ለአሥር ዓመት ያህል በእነርሱ እጅ ከቆየች በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት ቀጥሎ በምኒልክ ግዛት ሥር ገባች፤ ራስ መኰንንም እስከ 1898 ዓ.ም. አስተዳደሯት። በአጠቃላይ በኢትዮጵያ የነሐስ መሣሪያ ባንድ የመንግሥትና የጦር ሠራዊት ንብረት ሆኖ ነው ያደገው፤ ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ኒኮላስ 2ኛ የላኩት የነሐስ መሣሪያዎች፣ በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉ የአርመን ወላጅ አልባ ወጣቶች፣ የእነርሱ መሪ የነበረው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ በኋላም የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በማዘጋጃ ቤትና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ያከናወኑት ሥራ የዚህ ታሪክ የታወቁ ምዕራፎች ናቸው። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር ኦርኬስትራዎች እስከ 1960ዎቹ ድረስ የዘመናዊ ሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ሆነው አገልግለዋል።

ሐረርም በዚህ ሥርዓት ውስጥ የነበራት ቦታ ወታደራዊ ነበር። የ3ኛው ክፍለ ጦር ጠቅላይ መምሪያ በከተማዋ ነበር፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተውና በሕንድ መኮንኖች እርዳታ የተቋቋመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር አካዳሚም እንዲሁ። ሁለቱም ከግንቡ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ በኩል የነበሩ ተቋማት ናቸው። ስለዚህ ሳክስፎኑና ትራምፔቱ ከጀጎል ግንብ ውጭ በሰልፍ ሜዳና በመኮንኖች ክበብ ሲነፉ፣ ከረቡና ከበል ደግሞ በግንቡ ውስጥ በየግቢው ይመቱ ነበር። አንዱ የአማርኛና የማርሽ፣ ሌላው የጌይ ሲናንና የውዳሴ ነበር። በመካከላቸው የነበረው ርቀት በእግር ጥቂት ደቂቃ ቢሆንም፣ የቋንቋው፣ የሃይማኖቱና የሥልጣኑ ርቀት ከዚያ እጅግ ይሰፋ ነበር። በሐረር የቃልና የባንድ ታሪክ ላይ ይህን ያህል የወሰነ ሌላ ነገር የለም።

ግንቡን በከፊል የዘለለው ድምፅ የመጣው ከባቡሩ ከተማ ከድሬዳዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በዚያ የተመሠረተው የአፍራን ቀሎ የኪነት ቡድን፣ ገና በአሥራዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ላይ የነበረውን ዓሊ ቢራን አፈራ፤ ዓሊም ዑድን በመያዝ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በአማርኛ፣ በሶማሊኛና በዐረብኛ በመዝፈን የምሥራቁን ቃል ወደ ባንድ መድረክ አስገባ። የእርሱ ሥራ ግን ዜማ እንጂ ንግግር አልነበረም፤ ቃሉ ወደ መድረክ ሲወጣ የንግግር ጠባዩን ጥሎ የዘፈን ልብስ ለብሷል። በዚያን ዘመን በመላው አገሪቱ የሆነውም ይኸው ነው፤ ባንዱ ዘፋኝን ይፈልግ ነበር እንጂ ተናጋሪን አይፈልግም።

የዚህ ሕግ ታላቁ ተቃራኒ የሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ነው። ሽለላ፣ ማለትም ወታደሩ ከጦርነት በፊት ወኔውን ለመቀስቀስና ገድሉን ለመቁጠር በጋለ ድምፅ የሚያወርደው፣ በቋሚ ምት ያልታሰረ የንግግር ግጥም፣ በተለምዶ በመሰንቆና በዋሽንት ቢታጀብ እንጂ በነሐስ መሣሪያ የሚሞከር አልነበረም። ጌታቸው ይህንን የቃል ጥበብ ያለ ቃል በቴነር ሳክስፎን ላይ አመጣው፤ የተናጋሪውን ትንፋሽ፣ ጩኸቱን፣ መቆሙንና ድንገት መፍጠኑን በመሣሪያው አስመስሎ አሳየ። የውጭ ሰሚዎች በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ በዚያው ዘመን ከተነሣው ነፃ ጃዝ ጋር ቢያመሳስሉትም፣ ምንጩ ሸላዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ከሆላንዱ «ዘ ኤክስ» ባንድ ጋር ያሳተመው አልበምም ይህንኑ ለአዲስ ትውልድ አስተዋውቋል። ሙላቱ አስታጥቄ በተመሳሳይ ዘመን በእንግሊዝና በቦስተን ተምሮ፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ከጃዝ ኅብረ ድምፅ ጋር አዛምዶ ኢትዮ ጃዝ የተባለውን ሲመሠርት፣ የእርሱም ሥራ በዋናው ያለ ቃል የሚነገር ሙዚቃ ሆነ።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የሆነው ደግሞ ቃልና ባንድ እንዲራራቁ አደረገ። የሰዓት እላፊው የምሽት ክበቦችን ሲያዳክም፣ ሳንሱሩ በመጀመሪያ የሚመረምረው ግጥሙን ነበር። በዚያን ጊዜ የተሠሩት እጅግ ጥሩ የፈንክ ሥራዎች ብዙዎቹ ግጥም የሌላቸው መሆናቸውን በሳንሱር ብቻ ማስረዳት ቢከብድም፣ ሳንሱርን ሳይጠቅሱ ማስረዳት ግን አይቻልም። ዋሊያስ ባንድ በሂልተን ሆቴል እየተጫወተ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው «ቸ በለው» የተሰኘ ሥራ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ነው፤ አይቤክስ ባንድ በ1976 በአዲስ አበባ ራስ ሆቴል አዳራሽ የቀረጸው ሥራም እንዲሁ። የባንዱ ጊታሪስት ሰላም ሥዩምና ቤዝ ተጫዋቹ ጆቫኒ ሪኮ ያዳበሩት ጠባብና የሚያስረግጥ አጨዋወት፣ ከጄምስ ብራውን የተማረው ነገር ቢኖርም፣ ከበሮው ግን ብዙ ጊዜ በኢትዮጵያዊው «ችክችካ» በተባለው ባለ ስድስት ምት ዙር ላይ የተመሠረተ ነበር። ቃሉ በበኩሉ ወደ ሰልፍና ወደ ኪነት ቡድን ሄደ፤ በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወደ ሐረር ደጃፍ በቀረበበት ጊዜ ፉከራና ሽለላ በመንግሥት ትእዛዝ ወደ መድረክ ተመልሰዋል፤ ሆኖም ያ ቃል የገጣሚው ሳይሆን የቅስቀሳ ክፍሉ ነበር።

ከሠላሳ አምስት ዓመት ያህል በኋላ ቃሉ ወደዚያው ራስ ሆቴል የገጣሚው ሆኖ ተመለሰ። ምሕረት ከበደ፣ አበባው መላኩ፣ ደምሰው መርሻና ምስራቅ ተረፈ የተባሉት ገጣሚዎች ከሙዚቀኞች ጋር በመተባበር የጀመሩት «ጦቢያ ግጥም በጃዝ» ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በየወሩ ረቡዕ ምሽት ሲካሄድ፣ አዳራሹ ለግጥም ከፍሎ የሚገባ ሕዝብ የሚሞላበት ስፍራ ሆነ። ከግጥሙ ጋር ወግና ዲስኩር፣ ማለትም በሳቅም በቁምነገርም የተዋዛ አጭር ትረካና የአደባባይ ንግግር፣ ይቀርቡ ስለነበር መድረኩ ከሙዚቃ ዝግጅት ይልቅ ለሕዝብ መነጋገሪያነት የቀረበ ጠባይ ነበረው፤ ሰም ለበስ ፖለቲካዊ ቅኔ ሲወርድ የሚነሣው ጭብጨባም የሚጠበቅ የዝግጅቱ ክፍል ነበር። «ግጥም በጃዝ» የሚለው ስም ከአንድ ቡድን አልፎ የአንድ ዓይነት ዝግጅት መጠሪያ ለመሆን በቅቷል፤ ይህም የተሳካለት የኪነ ጥበብ ሥራ ምልክት ነው።

ነገር ግን ከሙዚቃ አንፃር ሲመዘን አንድ ድክመት አለበት። በብዙዎቹ ምሽቶች ገጣሚው ከወረቀት ያነብባል፤ ሙዚቀኞቹ ከኋላው በዝቅተኛ ድምፅ የፈለጉትን ያንሸራሽራሉ፤ ግጥሙ ሲያልቅ ሙዚቃው ጎላ ብሎ ይዘጋል። ቃሉና ምቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ እንጂ አይተሳሰሩም። ይህ የገጣሚዎቹ ስንፍና ሳይሆን በከፊል የአማርኛ ግጥም ምጣኔ ያመጣው ችግር ነው። የአማርኛ ግጥም በቀለም ቁጥር የሚመጠን ሲሆን፣ በብዛት የሚሠራበት «የወል ቤት» የተባለው ምጣኔ በአንድ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ያላቸው ሁለት ሐረጎች ይዟል፤ «ሰንጎ መገን» የሚባለው ደግሞ አምስት አምስት። የወል ቤት ስድስት ቀለም በችክችካው ባለ ስድስት ምት ላይ ያለ ችግር ይቀመጣል፤ በሂፕ ሆፕና በፈንክ ባለ አራት ምት ዙር ላይ ግን ወይ ቀለም ይተርፋል ወይ ይጎድላል። የአማርኛ ራፐር ብዙ ጊዜ ቃላቱን የሚያጣድፈው ወይም የስንኙን መጨረሻ በእንግሊዝኛ ቃል የሚሞላው ከዚህ የተነሣ ጭምር ይመስላል። ከአማርኛ ምጣኔዎች ለአራት ምት ተስማሚ የሆነው «ቡሄ በሉ» ነው፤ አራት አራት ቀለም ባላቸው ሐረጎች ተሠርቶ፣ በመሪና በተቀባይ ተከፍሎ፣ ልጆች ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ በየደጃፉ የሚያወርዱት የሆያ ሆዬ ጭፈራ፣ ለአማርኛ ሂፕ ሆፕ ከማናቸውም የተማረ ግጥም ይልቅ የቀረበ አያት ነው። ይህ ሀብት በሙዚቀኞች ዘንድ እስካሁን በቁም ነገር አልተመረመረም ማለት ይቻላል።

ዚክሪ በዚህ ረገድ ከግጥም በጃዝም ሆነ ከአማርኛ ራፕ የሚለየው ጥያቄውን ከሥር ስለሚፈታው ነው። ከበሉ ቀድሞ ይነሣል፤ ቃሉ በከበሉ ላይ ይወርዳል። መሪው ሊያስገባው የሚፈልገው ቃል ከምቱ ከረዘመ ቃሉ ይሰበሰባል፣ ካጠረ ድምፁ ይጎተታል፤ ምቱ ግን አይነካም። ገጣሚውን የሚያጅበው ሙዚቀኛ ለቃሉ የሚታዘዝበት የግጥም በጃዝ ልማድ እዚህ ተገልብጦ ይገኛል፤ በዚክሪ ቃሉ ለምቱ ይታዘዛል፣ ምቱም ከጉባኤው እጅ የሚወጣ በመሆኑ ተናጋሪው በእውነት የሚታዘዘው ለሰሚዎቹ ነው። በመሣሪያ ደረጃም ቢሆን ከረቡ የቤዝ ከበሮውን፣ ከበል ደግሞ ሹል ድምፅ ያለውን የስኔር ከበሮ ስፍራ ስለሚይዙ፣ ፈንክን የሚያውቅ ከበሮ መቺ የዚክሪን ምት ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

የኢትዮጵያ ድምፅና ሂፕ ሆፕ በውጭ አገር የተገናኙት በሌላ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ናስና ዴሚያን ማርሌ ያወጡት የጋራ አልበም መክፈቻ ዘፈን በሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ላይ የተሠራ ነው። በ2012 ደግሞ ገብርኤል ቴዎድሮስ፣ መክሊት ሀደሮና በርንትፌስ «ኮፐርዋየር» በሚል ስም ራፕን፣ ዘፈንንና የጠፈር ጉዞ ተረትን ያዋሐደ አልበም አሳትመዋል። እነዚህ ሥራዎች የሚያሳዩት ኢትዮ ጃዝ ለሂፕ ሆፕ ምቹ አልጋ መሆኑን ነው፤ በላዩ የተኛው ቃል ግን በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። ብዙ ሐረሪዎች በሚኖሩባት በቶሮንቶም ሆነ በሌሎች ከተሞች የሚያድገው ወጣት ዚክሪን በማኅበረሰቡ ጉባኤ፣ ሂፕ ሆፕን በመንገድ እየሰማ ያድጋል፤ በአንድ ጆሮ የሚሰሙት ሁለቱ ድምፆች በአንድ መድረክ ላይ እንዲገናኙ የሚከለክላቸው የቴክኒክ ችግር የለም።

የሚከለክለው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ዚክሪ ለአማኞቹ አምልኮ ነው። የአዋቹን ስም በቡና ቤት መድረክ፣ መጠጥ በሚቀዳበት አዳራሽ በቤዝ ጊታር ማጀብ ለብዙዎች ድፍረት ይሆናል፤ ስሜታቸውም ሊከበር ይገባል። ነገር ግን ቀደም ሲል እንደታየው የከረቡና የከበል መሣሪያ ራሱ ከሠርግ ቤት እስከ አዋች ስፍራ የሚዘዋወር ነው፤ ድንበሩ የተሠመረው በቃሉና በስፍራው ላይ ነው። ስለዚህ ለሐረር ባንድ ክፍት የሆነው መንገድ የዚክሪን ቃል መውሰድ ሳይሆን የዚክሪን አሠራር መማር ነው፦ ምቱን ለጉባኤው መስጠት፣ ቃሉን በምቱ ማሰር፣ በጌይ ሲናን፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ የራስን አዲስ ግጥም መጻፍ። አሜሪካውያኑ ገጣሚዎችም ከጥቁር ቤተ ክርስቲያን የወሰዱት መዝሙሩን ሳይሆን የሰባኪውንና የምእመኑን መቀባበል ነበር።

ለዚህ የሚያስፈልገው ቁሳቁስ በከተማዋ ውስጥ ይገኛል። አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው ያቋቋሙትና ዛሬ በጀጎል በራስ ተፈሪ መኖሪያ በነበረው ቤት የሚገኘው ሙዚየም፣ ከብራናና ከጌጣጌጥ በተጨማሪ የቆዩ የሐረሪ ዘፈኖችና ዚክሪዎች ቅጂዎችን አሰባስቧል። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የሹዋሊድን በዓል፣ ማለትም ከረመዳን ቀጥሎ ያሉት ስድስት የጾም ቀናት ሲፈጸሙ በዚክሪና በከበሮ የሚከበረውን የሐረሪዎች በዓል፣ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯል። ምዝገባው የሚጠብቀው በዓሉን ነው፤ የምቱን ዓይነቶች አንድ በአንድ ለይቶ በኖታና በድምፅ መመዝገብ፣ የመሪዎቹን የስንኝ አወራረድ ማጥናት፣ ቅጂዎቹንም በአግባቡ ወደ ዲጂታል ማዛወር ግን ገና በሐረር ያሉ ሙዚቀኞችን፣ የባህል ቢሮውንና የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችን የሚጠብቅ ሥራ ነው። ሥራውን የሚጀምር ሰው ማይክሮፎኑን ከመትከሉ በፊት ከሙሪዶቹ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል።